ዛሬ ደውሉ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ!

ክረምቱን ሙሉ «መስከረም ይጥባ» እያልን ያቆየነው ሥራ ይኸው ቀጠሮው ደረሰ። አሁን ደግሞ «መስቀል ይለፍ» ልንል ነው። መስከረም 17 ሲያልፍ ምን እንደምንል ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ገናም ጥምቀትም ሩቅ አይደሉም።

ሥራ የሚያሳድርን ሰው ሰነፍ ማለት ይቀናናል። እኔ በዚህ አልስማማም። ፉሽያ ሲሮይስ እና ቲሞቲ ፒቺል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጽሑፍ ነገሩን ከስሜት ጋር ያያይዙታል። ሥራው የሚያመጣብንን ጭንቀት ለመሸሽ ስንል እናቆየዋለን፣ ለጊዜው ቀለል ይለናል፣ ዕዳው ግን ነገ በእኛው ላይ ይመጣል።

ያልተደወለ ስልክ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። አገር ቤት ላሉት አክስቱ ጥቂት ሳምንታት ያልደወለ ሰው ትንሽ ያፍራል። ስለሚያፍር አይደውልም፤ ባልደወለ ቁጥር ኀፍረቱ ይብስበታል። ማታ ስልኩን አውጥቶ ስማቸው ላይ ይደርሳል፣ «አሁን ምን ብዬ ልጀምር?» ይልና መልሶ ኪሱ ይከተዋል። ወሬው እኮ የአምስት ደቂቃ ነበር! ተጀምሮ የቀረ የመመረቂያ ጽሑፍም፣ ሐኪም ያልታየው ሕመምም እንደዚሁ በመቆየት ብዛት ይከብዳሉ።

በዓል ውለታ የሚውልልን እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ቃል አዘጋጅቶ ይሰጠናል፦ «እንኳን አደረሰዎት፣ እትዬ።» ማብራሪያ አያስፈልግም፣ ይቅርታው ኋላ ይደርሳል። «የት ጠፍተህ ከረምህ?» የሚል ቁጣ ቢኖር እንኳ ከምርቃቱ አይቀድምም።

ሌላውም ሥራ የሚፈልገው እንዲህ ያለ ትንሽ መግቢያ ይመስለኛል። የመመረቂያ ጽሑፉን ዛሬ ማን ጨርሱ አላችሁ? ኮምፒውተሩን ከፍታችሁ የቀጣዩን ምዕራፍ ርዕስና አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጻፉ፣ መጥፎም ይሁን። ሐኪም ዘንድ ለመሄድ የፈራችሁም የቀጠሮውን ቀን ብቻ ያዙ።

ባሕር ማዶ ያላችሁ ደግሞ፣ በዓሉ የሥራ ቀን ላይ ቢውልባችሁም የሰዓቱን ልዩነት አስሉና እናቶች ሳይተኙ ድረሱባቸው። በተለይ ከእናንተ መካከል ብዙ ጊዜ ድምፁን ያጠፋ ካለ፣ ቀድሞ እሱ ይደውል። ምን ብለው እንደመረቋችሁም ጻፉልኝ፤ ማንበብ እወዳለሁ።

መልካም አዲስ ዓመት!