ጳጉሜ 5፣ ሮም

ጓደኛችንን ጳጉሜ ነው የምንላት። ጳጉሜ 5 ቀን 1967 ዓ.ም. በመወለዷ ሰባተኛ ክፍል ሳለን አንዱ ልጅ ያወጣላት ስም ነው፤ እሷም ወደደችው፣ እኛም ሌላ ስም እንዳላት እስክንረሳ ድረስ በዚሁ ጠራናት። በ2017 የመጨረሻ ቀን ሀምሳ ዓመት ሞላት።

አራት ነን። ጳጉሜ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዳኛ ፍራንክፈርት፣ ምጥን ሮም ይኖራሉ፤ እኔ አዲስ አበባ ቀረሁ። ዳኛ ስሟን ያገኘችው በሩጫ ጊዜ ሰዓት ቆጣሪውን የምትይዘው እሷ ስለነበረች ነው፤ ምጥን በቁመቷ። በ1985 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈተንን ወዲህ ለሠርግም ለለቅሶም ሁለት ሁለት እየሆንን ተገናኝተናል። አራታችን ከአንድ ትሪ ከቆረስን ግን 32 ዓመት አልፎ ነበር።

ሮም ይሁን ያልነው በምጥን የተነሣ ነው። ምጥን ባዳንቴ ናት፤ ዘጠናን ያለፉ ሲኞራ ቤት እያደረች ታስታምማለች። የእረፍት ጊዜዋ ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ ነው። እሷ ወደ ማናችንም መምጣት ስለማትችል እኛ ወደ እሷ ሄድን። ደግሞም ቀኑ የሮም ቀን ነው። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን ያሸነፈው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ላይ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለን የስፖርት አስተማሪያችን ይህን ለጳጉሜ ሲነግራት አጠገቧ ነበርኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ከሩጫ ሜዳ የሚመልሳት አልተገኘም።

ቪዛው ከቀጠሮ እስከ ፓስፖርቴ መመለስ ዘጠኝ ሳምንት ፈጀ። 90 ዩሮ ክፍያ፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ፣ የባንክ መግለጫ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ። ልጆች አሳድጌ፣ ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ቦታ ሠርቼ፣ ለአምስት ቀን ጓደኞቼን አይቼ እንደምመለስ ለማሳመን ያን ያህል ወረቀት መጠየቄ አሳዝኖኛል። ዳኛ በባቡር መጣች፤ ጳጉሜ ፓስፖርቷን ብቻ ይዛ ተሳፈረች።

ሻንጣዬ ውስጥ በርበሬ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ሁለት ኪሎ ጥሬ ቡና ነበረ። ቅቤ አልያዝኩም፤ የወተትና የሥጋ ውጤት ወደ አውሮፓ ኅብረት በሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው። ከሁሉ ሥር በጋዜጣ የጠቀለልኩት አዲስ ነጭ ሸራ ጫማ ነበረ፣ ቁጥር 38።

ጳጉሜ 3 ንጋት ላይ ፊውሚቺኖ ደረስኩ። ሰፈራችን ልጆቹ የሩፋኤልን ዝናብ የሚጠብቁበት ቀን ነው፤ ሮም ግን ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐዩ ከጠዋቱ ጀምሮ ያቃጥላል። ከአውሮፕላን ማረፊያው በ14 ዩሮ የሚሳፈሩበት ባቡር በግማሽ ሰዓት ዋናው ባቡር ጣቢያ፣ ቴርሚኒ ያደርሳል። ምጥን ከሐዲዱ ጫፍ ቆማ ነበር። ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል። በሩቁ የለየኋት ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋ በመቆሟ ነው፤ ደብተሯንም እንደዚያ ነበር የምትይዘው። ትከሻ ለትከሻ ስንሳሳም ስንት ጊዜ እንደሆነ ጠፋብን፤ ሰው እየዞረን ያልፍ ነበር። የካቶሊኮች ኢዮቤልዩ ዓመት ስለነበረ ከተማው በተሳላሚ ተጨናንቆ ነበር።

ከቴርሚኒ ወጥቶ የሚገኘው ሰፊ አደባባይ ስሙ «የአምስት መቶዎቹ» ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣልያን ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያቸውም እዚያው አካባቢ አለ፤ በወረራው ዘመን ከለገሀር የተነቀለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ወደ አገሩ እስኪመለስ ድረስ በዚሁ መታሰቢያ ሥር ቆሞ ነበር። ምጥን በየሳምንቱ ሐሙስ ጓደኞቿን የምታገኘው በዚህ አደባባይ ነው። «መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ ማን እንደሆኑ አላውቅም ነበር። ሳውቅ ግን ሐሙስ ሐሙስ አሉላን እያሰብኩ መቀመጥ ጀመርኩ» አለችኝ።

የተከራየነው ቤት ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ገበያው ቅርብ ነው፤ የባንግላዴሹ ነጋዴ ቃሪያውን በአማርኛ ይጠራዋል። ቀኑን የትሬቪን ፏፏቴ፣ የስፔንን ደረጃዎች፣ ቅዱስ ጴጥሮስን እንደማንኛውም እንግዳ ዞርን። ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ፣ ከቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ የአበሾቹ ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። የኢትዮጵያ መነኮሳት ይኖሩበት የነበረ ነው። አባ ተስፋ ጽዮን የግእዙን ሐዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 ሮም ውስጥ ያሳተሙት ከዚያ ወጥተው ነው። ያለ ፈቃድ አይገባበትምና ከውጭ ተሳልመን ተመለስን። ደስ ያለኝ ግን ከየትኛውም ቦታ በላይ ሌሊቱ ነው። ሦስት ሴቶች አንድ ክፍል ውስጥ ፍራሽ አንጥፈን፣ የማን እናት እንዳረፈች፣ ማን እንደተፋታ፣ የማን ልጅ አማርኛ እንደማይናገር፣ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አወራን። ዳኛ ባሏ ከሞተ በኋላ ያደረባትን ፍርሃት በጨለማ ውስጥ ነው የነገረችን።

ጳጉሜ 5 ረቡዕ ዋለ። ምጥን ሲኞራዋን አስፈቅዳ፣ እራታቸውን ቀድማ ሠርታ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣች። አበበ ሩጫውን የጀመረው ከካምፒዶልዮ ኮረብታ ሥር አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ የጨረሰው በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ መሽቶ። የዳኛ ዕቅድ እሱ በገባበት ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ፣ እኛም እሱ የገባበት ቦታ እንድንደርስ ነበር። ሙሉውን መንገድ አንችልም፤ የጳጉሜ ጉልበት ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። የመጨረሻውን ቁራጭ ብቻ፣ ከፖርታ ካፔና እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት፣ ስድስት መቶ ሜትር ገደማ በእግር ልንሄድ ነው።

ፖርታ ካፔና ማለት የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረው ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 እዚህ ተተከለ፤ እኛ ተማሪ ሳለንም እዚሁ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ፤ በ2000 አክሱም ላይ ቆመ። ፊት ለፊቱ ያለው የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕንጻ መጀመሪያ የታሰበው ለጣልያን የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር። አሁን ሐውልቱ በነበረበት አካባቢ ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች ቆመዋል፤ መኪናው ሳያቋርጥ ይዞራቸዋል። አራታችን ባዶውን ቦታ ቆመን አየነው። የሌለ ነገር በማየቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አበበ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ተነጥሎ የወጣው ወደዚህ ሐውልት ሲቃረብ ነው። ከተቀማ ሐውልት አጠገብ ተነሣ፤ 25 ሰከንድ ቀድሞ ገባ። ያን ጊዜ በቪያ አፒያ ግራና ቀኝ የጣልያን ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩለት ነበር። ጳጉሜ ይህን ስታነሣ ድምጿ ተለወጠ። «አስቡት፣ የችቦ ማታ እኮ ነው። በየደጁ ኢዮሃ አበባዬ እየተባለ ችቦ የሚለኮስበት ማታ» አለች። ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ሁለቱን ችቦዎች ግን አንድ ላይ አስቤያቸው አላውቅም ነበር።

ጫማውን ያወጣሁት እዚያ ነው። ከጋዜጣው ፈትቼ ሰጠኋትና ለ32 ዓመት የያዝኩትን ተናገርኩ።

በ1985 የውስጥ ለውስጥ ውድድር ላይ ጳጉሜ 1,500 ሜትር ልትሮጥ ነበር። አንደኛና ሁለተኛ የሚወጡት ለከተማው ትምህርት ቤቶች ውድድር ያልፋሉ። አባቷ ከመርካቶ አዲስ ነጭ ሸራ ጫማ ገዝተውላት ነበር። በዋዜማው ለመረብ ኳስ ተዋስኳት፤ ስዘል ሶሉ ተገነጠለ። መናገር ፈራሁ። ማታ በማስቲሽ አጣብቄ፣ በድንጋይ ተጭኜ አሳድሬ፣ ጠዋት ምንም እንዳልሆነ መለስኩላት። ሩጫው በተጀመረ በመጀመሪያው ዙር ሶሉ ተላቀቀ። ጫማዎቹን አውልቃ ጣለችና በጠጠሩ ላይ በባዶ እግሯ ሮጠች። ሦስተኛ ወጣች። ተረከዟ ተተርትሮ ደም በደም ሆኖ ነበር፤ ያጠብኩላትም እኔ ነኝ፣ እያለቀስኩ። ያለቀስኩት ስለ እሷ መስሏት አባበለችኝ።

ስናገር እያቀፈችኝ እንደምትስቅ አስቤ ነበር። አልሳቀችም። ጫማውን በእጇ እንደያዘች ዝም አለች፤ ምጥንና ዳኛም ዝም አሉ።

«አባዬን ሰደብኩት» አለች በመጨረሻ። «ያን ማታ። ርካሽ ጫማ ገዝተህ በሰው ፊት አዋረድከኝ አልኩት። ምንም አልመለሰልኝም። በሳምንቱ ሰዓቱን ሸጦ ሌላ ጫማ ገዛልኝ፤ አላደረግኩትም።»

አባቷ ካረፉ አሥራ ሦስት ዓመታቸው ነው። ይቅር በዪኝ ከማለት ሌላ ቃል አልነበረኝም፤ እሱንም ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላስታውስም። «ለምን አልነገርሽኝም? የዳኛን ጫማ እዋስ ነበር እኮ» አለች። እውነቷን ነው። የዳኛ እግርም 38 ነበር።

ዳኛ ሰዓቷን አየች፣ ምንም ሳትናገር። ጳጉሜ እግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ጫማዋን አወለቀች። ነጩን ታደርጋለች ብዬ ስጠብቅ ክሩን አስራ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችውና በባዶ እግሯ ተነሣች። የቀኝ ተረከዟ ላይ ያ ጠባሳ አለ፤ ነጣ ያለ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያህል። መንገዱ ጥቁር ባለ አራት ማዕዘን ድንጋይ የተነጠፈበት ነው፤ ሳምፒዬትሪኒ ይሉታል። ቀን የጠጣውን ፀሐይ ገና አልለቀቀም ነበርና «ሞቃት ነው» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። ቀደመችን። ጉልበቷ በየእርምጃው ወደ ውጭ ገፋ እያለ፣ እጇ ግን ልክ እንደ ድሮው ከወገቧ ሳይለይ። እኛ ከኋላ ተከተልን። ግራ ቀኙ ዛፍ ነው፤ በግድግዳው ላይ የድሉን ሀምሳኛ ዓመት የሚዘክር ጽሑፍ አለ። በዚያው በ2010፣ እ.ኤ.አ. ማለቴ ነው፣ ሲራጅ ገና የሮምን ማራቶን ሲያሸንፍ መጨረሻው ላይ ጫማውን አውልቆ ነው የገባው። ጳጉሜ ግን ቀና ብላም አላየችውም።

ቅስቱ በአጥር ተከልሏል፤ ሥሩ አይገባም። ጳጉሜ አጥሩን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ዳኛ «አንድ ሰዓት ከአርባ ሰባት» አለች። ዙሪያውን ቱሪስት ሞልቶ ፎቶ ይነሣል፤ የኮሎሲየም መብራት በርቷል። ምጥን ዕልል አለች፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ረጅም። የሰው ሁሉ ዓይን ወደ እኛ ዞረ።

ሮም በየመንገዱ ናዞኒ የሚሏቸው ውኃቸው ቀን ከሌት የሚፈስ የብረት ቧንቧዎች አሏት፤ ከሁለት ሺህ ይበልጣሉ። አንዱ ጋ ወሰድኳትና እግሯን አጠብኩላት። ውኃው በረዶ ነው። መጀመሪያ እግሯን ልትነጥቀኝ ፈለገች፤ ከዚያ ተወችኝ። ጥቁር አቧራው ከጠባሳው ዙሪያ እስኪለቅ በአውራ ጣቴ አሸሁት። ያን ጊዜ ነው የተናገረችው፦ «አገር ቤት ስትገቢ ጫማውን ይዘሽ ትሄጂና ራስሽ ትነግሪዋለሽ።»

እሺ አልኳት።

ማታ ቡናው ተቆላ። ችቦ ስለሌለ ምጥን አራት ሻማ አንድ ላይ አስራ ለኮሰች፤ አደይም አልነበረ፣ ከፒያሳ ቪቶሪዮ የገዛነው ቢጫ አበባ ነበረ። ኬክ ቆረስን፣ ሁለተኛው ሲኒ ላይ ስንደርስ የሁላችንም ስልክ ተራ በተራ ይጮኽ ጀመር፤ እንኳን አደረሳችሁ፣ እንኳን አደረሰሽ። ጳጉሜ ሌሊቱን እኔ ፍራሽ ላይ ነው የተኛችው፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ። ንጋት ላይ ብርድ ልብሱን ወደ እኔ ስትስብልኝ ነቅቼ ነበር።

መስከረም 11 ቅዱስ ዮሴፍ ሄድኩ። አበበም እዚያው ነው የተቀበረው፤ የጳጉሜ አባት መቃብር ከእሱ ብዙም ሳይርቅ ወደ አጥሩ በኩል ነው። ሣሩ በክረምቱ አድጎ ስሙን ሸፍኖት ነበርና በእጄ ነቃቀልኩት። ስልክ ደወልኩላት፤ እዚያ ገና ሌሊት ነው፣ ግን አልተኛችም። ጫማውን ከጋዜጣው አውጥቼ ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩና ስልኩን አጠገቡ አደረግኩ። «ጋሼ» ብዬ ጀመርኩ፤ ጫማው ደህና ጫማ እንደነበረ፣ ያበላሸሁት እኔ እንደሆንኩ፣ እሷ እንዳላወቀች ነገርኳቸው።

ጨርሼ ስልኩን ወደ ጆሮዬ ሳስጠጋ፣ «እንደገና ንገሪው፤ ማስቲሹን ዘለልሽው» አለችኝ።

ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩት።