ሐሮማያ ላይ ወፍ መለየት፦ እስካሁን የያዝኩት

ወፎቹን በምን ትለያቸዋለህ ላላችሁኝ፣ ሐሮማያ ሐይቅ ዳር የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ከቀለም ይልቅ መንቁርና አኳኋን ነው የሚያዋጣው። ብርሃን ከፊት ሲመጣ ሁሉም ወፍ ጥቁር ነው የሚመስለው፤ ስለዚህ ጠዋት ከምሥራቁ ዳርቻ ሆናችሁ ፀሐይን ለጀርባችሁ ስጡ። ከሐረር በአወዳይ በኩል በሚኒባስ ቅርብ ነው፤ ግን ማለዳ መነሳት ነው አቦ! ረፈድ ሲል ንፋሱ ውሃውን ያናውጠዋል። ማሳ አቋርጣችሁ የምትሄዱ ከሆነ ገበሬውን "አካም ቡልተኒ" (በኦሮምኛ እንዴት አደራችሁ) ብላችሁ አስፈቅዱ።

መጀመሪያ ጥርት አድርጌ የለየሁት ኩት የሚባለውን ነው። ድፍን ጥቁር ሆኖ መንቁሩና ግንባሩ ነጭ ነው፤ በመራቢያው ወቅት ግንባሩ ላይ ሁለት ቀይ እብጠት ያወጣል። ከዳክዬ ጋር ተቀላቅሎ ይዋኛል እንጂ ዳክዬ አይደለም። ከውሃ እስኪወጣ ጠብቃችሁ ጣቶቹን እዩ፤ የዳክዬ ጣቶች በስስ ቆዳ የተያያዙ ናቸው፣ የኩት ግን እያንዳንዱ ጣት ለብቻው ጠፍጣፋ ሥጋ አለው። ሲነሳ ደግሞ ውሃው ላይ እየሮጠ ነው። ይሄን ማየት እስካሁን አልሰለቸኝም።

ነጮቹ ቀላል ናቸው፦ ከብት የሚከተለው ሳቢሳ መንቁሩ ቢጫ ነው፤ ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚያድነው ደግሞ መንቁሩና እግሩ ጥቁር፣ ጣቶቹ ብቻ ቢጫ።

ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ የአውሮፓና የእስያን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ዳክዬዎች አሉ። ሾቨለርን ጫፉ እንደ ማንኪያ በሰፋው መንቁሩ ታውቁታላችሁ፤ አንገቱን ዘርግቶ የውሃውን ፊት እያጣራ ይበላል።

ሐይቁ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ እንደነበር ታውቃላችሁ። ሐረር የምትጠጣው፣ ለጫትና ለአትክልት በሞተር የሚሳበው፣ ከተራቆተው ኮረብታ የሚወርደው ደለል ተደማምሮ ጨረሰው። ከዓመታት በኋላ ውሃው ሲመለስ ወፉም ተመለሰ። ለዚህ ነው ቀኑን፣ ሰዓቱንና የወፉን ብዛት ሳልጽፍ የማልመለሰው፤ ሰዎች ያዩትን ወፍ በሚመዘግቡበት ኢበርድ በሚባለው ድረ ገጽ ላይም አስገባዋለሁ። ውሃው ሲሸሽ የትኛው ወፍ ቀድሞ እንደሚሄድ የሚታየው የደህናው ጊዜ ቁጥር ካለ ነው።

አሁን የያዝኩት ጭቃው ላይ የሚሯሯጡትን ትንንሽ ወፎች መለየት ነው፤ ከሁሉም ከባዱ ይሄ ነው። ባይኖኩላር የሌላችሁ ኑ፣ የእኔን እንቀባበላለን።