ኔሮንን ኮሎሲየም ውስጥ ያስቀመጥኩበት ቀን

ሴቶች ተሰብስበን መጽሐፍ ቅዱስ በምናጠናበት ቀን ነበር። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ስደት ተነሳ። እኔ ያን ሰሞን አንድ ወፍራም ታሪካዊ ልብ ወለድ ጨርሼ ስለነበር አፌ አላርፍ አለ። የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ኔሮን ኮሎሲየም በሚባለው የሮም ትልቅ የትርኢት ሜዳ ውስጥ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ክርስቲያኖችን አንበሳ ሲበላቸው እንዴት ያይ እንደነበር፣ አሸዋው ምን እንደሚመስል፣ ሕዝቡ ምን ብሎ እንደሚጮህ፣ አንድም ሳላስቀር ተረኩላቸው። ሁሉም ጸጥ ብለው ሰሙኝ። ከመካከላችን ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህርት ነበሩ። ስጨርስ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ ኔሮን ሲሞት እኮ ኮሎሲየም ገና አልተሠራም» አሉኝ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ቤት እንደገባሁ አገላብጬ አየሁ፤ እውነታቸውን ነው። ኔሮን የሞተው እ.ኤ.አ. በ68 ዓ.ም. ነው። ኮሎሲየምን ያስጀመረው ከእሱ በኋላ የነገሠው ቬስፓስያን ነው። ተመርቆ የተከፈተው ደግሞ በልጁ በቲቶ ዘመን፣ በ80 ዓ.ም.። ይባስ ብሎ የተሠራው ኔሮን ለቤተ መንግሥቱ ያስቆፈረው ሰው ሠራሽ ሐይቅ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ስደቱ ግን የደራሲ ፈጠራ አይደለም። ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ በ64 ዓ.ም. ሮም ከተቃጠለች በኋላ ኔሮን ጥፋቱን በክርስቲያኖች ላይ እንዳላከከ ጽፏል። የአውሬ ቆዳ እያለበሱ በውሾች እንዳስበሏቸው፣ እንደሰቀሏቸው፣ ሌሊት እንደ ችቦ እንዳነደዷቸውም ይናገራል። እዚያ ቦታ ላይ ስለ አንበሳ አያነሳም። አንበሳውን ያመጣሁት ከልብ ወለዱ ነው።

ያን ቀን ማታ ልብ ወለድ ማንበብ ላቆም ወስኜ ነበር። ደግነቱ ውሳኔዬ ሦስት ቀን እንኳ አልቆየም።

ማንበብ የጀመርኩት ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ ነው። ቀኑን ሙሉ የማወራው ከልጆች ጋር ነበር፤ ጫማህን አድርግ፣ እጅሽን ታጠቢ፣ አትማቱ። ማታ ሁሉም ሲተኙ ጭንቅላቴ ውስጥ አንድም የአዋቂ ዓረፍተ ነገር የቀረ አይመስለኝም ነበር። መጀመሪያ ላይ በቀን ሃያ ገጽ ብዬ ለራሴ ደነገግኩ። ሃያ ገጽ ትንሽ ይመስላል እንጂ አራት መቶ ገጽ ያለው መጽሐፍ በሃያ ቀን ያልቃል። አስሩን ድስቱ እስኪበስል፣ አስሩን ከመተኛቴ በፊት። ድስት ያረረብኝን ቀን አልቆጥርም። ልብስ ስተኩስ ደግሞ በድምፅ የተቀዳ መጽሐፍ አዳምጣለሁ። ይኼን ያገኘሁት ዘግይቼ ነው፤ ቀድሜ አግኝቼው ቢሆን ኖሮ ስንቱን ሸሚዝ በደስታ በተኮስኩ!

ያስቸገረኝ ጊዜ ማጣት ብቻ አልነበረም። አንዲት የማከብራቸው እናት «ልብ ወለድ እኮ ውሸት ነው፤ ክርስቲያን በውሸት ጊዜውን ያጠፋል?» ብለውኝ ነበር። መልስ አጣሁና ዝም አልኩ። ብዙ ወር መጽሐፉን ከትራስ ሥር እየደበቅኩ አነበብኩ። ከዚያ አንድ ቀን ሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12 ላይ ደረስኩ። ነቢዩ ናታን ዳዊት ፊት ቆሞ ስለ አንድ ድሃና ስለ አንዲት በግ ይነግረዋል። ድሃው የለም፤ በጓም የለችም። ዳዊት ግን ተቆጣ፣ ፈረደ፣ የፈረደውም በራሱ ላይ ሆነ። ናታን በቀጥታ «አጥፍተሃል» ብሎ ቢጀምር ንጉሡ እንዴት ይሰማው እንደነበር እንጃ። የጠፋው ልጅም፣ ደጉ ሳምራዊም ጌታ የተናገራቸው ምሳሌዎች ናቸው። መጽሐፉን ከትራስ ሥር አወጣሁት።

እንዲያውም ስሙ ራሱ ደስ ይለኛል። ልብ ወለድ፤ ልብ የወለደው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ያሳተሙት የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ርዕሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ታሪክ ብለውታል፣ ግን ልብ የወለደው መሆኑን ከፊት አስቀምጠዋል። እኔ ኔሮንን ኮሎሲየም ያስገባሁት «ታሪክ» የሚለውን ይዤ «ልብ ወለድ» የሚለውን ስለረሳሁ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ የማነብበት መንገድ ተለወጠ። አሁን ታሪካዊ ልብ ወለድ ስይዝ መጀመሪያ የምከፍተው የመጨረሻዎቹን ገጾች ነው። ብዙ ደራሲዎች እዚያ «ይህ ሰው በእውነት የነበረ ነው፣ ይህቺን ግን እኔ ፈጠርኳት» ብለው ይናዘዛሉ። መጨረሻውን አስቀድሞ ማወቅ ይሆናል ብዬ እፈራ ነበር፤ አንዳንዴም ሆኖብኛል። አንድ ጊዜ ጀግናው እንደሚሞት በገጽ አንድ አወቅኩና አራት መቶ ገጽ ሙሉ እያዘንኩለት አነበብኩ። ቢሆንም ይሻለኛል።

አንድ ደብተርም አለኝ። ገጹን ለሦስት ከፍዬ አሰምራለሁ፦ «ታሪክ»፣ «ልብ ወለድ»፣ «ይጣራ»። መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ነገር እጽፍ ነበርና ንባቡ የቤት ሥራ ሆነብኝ። አሁን የምጽፈው ለሰው ልነግረው ያማረኝን ብቻ ነው። ለምሳሌ ክርስቲያኖች ከሮም በታች ባሉት ዋሻዎች፣ በካታኮምቦቹ ውስጥ ተደብቀው እንደኖሩ ስንት መጽሐፍ ላይ አንብቤያለሁ። ሳጣራው ግን ካታኮምቦቹ መቃብር ናቸው፤ ሙታናቸውን የሚቀብሩበትና የሚያስቡበት እንጂ የሚኖሩበት ቦታ አልነበረም። ጴጥሮስ ከሮም ሲሸሽ መንገድ ላይ ጌታን አግኝቶ «ወዴት ትሄዳለህ?» ያለበት ታሪክም በወንጌል ወይም በሐዋርያት ሥራ ውስጥ የለም። በሁለተኛው መቶ ዓመት ገደማ ከተጻፈው «የጴጥሮስ ሥራ» ከሚባል መጽሐፍ የመጣ ትውፊት ነው። ይኼን ሳውቅ ታሪኩን ከመውደድ አልተውኩም፤ «መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ ይላል» ማለቱን ግን ተውኩ።

ልብ ወለድ ወደ መጽሐፍ ቅዱስ የመለሰኝም ጊዜ አለ። አንድ ደራሲ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወስደውን ቁልቁለት፣ ድንጋዩን፣ ወንበዴ የሚያደባበትን ጥግ እየሳለ ሲተርክ ብድግ ብዬ ሉቃስ 10ን ገለጥኩ። «አንድ ሰው ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ወረደ» ይላል። ወረደ! ስንት ዓመት ሙሉ ያንን ቃል አልፌዋለሁ። ኢየሩሳሌም ከባሕር ጠለል በላይ 750 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ኢያሪኮ ደግሞ ከባሕር ጠለል በታች 250 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። ሰውየው ገደል ነው የወረደው።

የማልወደውንም ልናገር። ብዙ ክርስቲያናዊ ልብ ወለዶች መጨረሻቸው ይጣደፋል። ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ እግዚአብሔርን ሲክድ የኖረው ሰው በአንድ ጸሎት ይለወጣል፤ ወዲያው ሥራ ያገኛል፣ ወዲያው ያገባል። የማያምነው ሁሉ ክፉ ነው፣ የሚያምነው ሁሉ ቆንጆ። ባሎቹማ አይነሱ! የሚስታቸውን ልብ ሳትነግራቸው የሚያውቁ፣ የማይቆጡ፣ የማያንኮራፉ። አንድ ሰሞን ባለቤቴን ያለ ጥፋቱ ከእነዚህ ጋር ሳወዳድረው ከረምኩ። «ምን ሆነሻል?» ሲለኝ ምን ብዬ ልንገረው? አሁን እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ሳይጨርሱ መተው ኃጢአት እንዳልሆነ ገብቶኛል።

ስለ ስህተቴ ስቆዝም ያጽናናኝ ሌው ዋላስ ነው፤ በኢየሱስ ዘመን የሚካሄደውን «ቤን ሁር» የተባለ ልብ ወለድ የጻፈው። ዋላስ የአሜሪካ ጦር ጄኔራል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1876 ባቡር ላይ ከታወቀው ሃይማኖት ተቺ ከሮበርት ኢንገርሶል ጋር ረጅም ሰዓት ተነጋገረ። ሲለያዩ ስለ ክርስትና ምንም የማያውቅ መሆኑ አሳፈረው። ከዚያ ማጥናት ጀመረ፤ በ1880 መጽሐፉ ወጣ። እኔም ባፍር ቢያንስ ደብተር ገዛሁ።

መምህርቷ ዛሬም ከጎኔ ይቀመጣሉ። ስናገር ዓይናቸውን አያለሁ፤ እሳቸውም ይስቁብኛል። ባለፈው «አሁን ደግሞ ምን ይዘሻል?» ብለው ጠየቁኝ። የያዝኩት የአስቴር ታሪክ ነው። ደራሲዋ አስቴርን ንጉሡ ፊት ከመግባቷ በፊት ሁለት ገጽ ሙሉ ታስጸልያታለች። በዕብራይስጡ መጽሐፈ አስቴር ውስጥ የእግዚአብሔር ስም አንድም ጊዜ አይጠራም፤ ጾሙ አለ፣ የጸሎቷ ቃል ግን የለም። በጥንቱ የግሪክ ትርጉም ግን አስቴር ረጅም ጸሎት ትጸልያለች። ደብተሬን ከፍቼ ብዕሬን አነሳሁ። በየትኛው ዓምድ እንደምጽፈው እስካሁን አልወሰንኩም።