የእማማ ጅምር፦ የገና ሰላምታ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ፤ እንኳን አብሮ አደረሰን!

ዘንድሮ ገና ረቡዕ ስለዋለ ስልኬ ሰሞኑን በአንድ ጥያቄ ተጨናንቆ ሰነበተ፦ ይበላል ወይስ አይበላም? ይበላል። ገሃዱን ትናንት ጾመናል፤ ዶሮዋም ነገሩ ገብቷታል። የእኔ ችግር ሌላ ነው። ከሌሊቱ ቅዳሴ እንደተመለስኩ ነጠላዬን አጣጥፌ የሥራ ልብሴን መልበስ አለብኝ። አለቃዬ የሚያውቀው አንዱን ገና ብቻ ነው፤ እሱም ካለፈ 13 ቀኑ። ጎረቤቶቻችን ዛፋቸውን መንገድ ዳር ጥለው ጨርሰዋል። እኛ ግን ገና ነን።

እንደ እኔ ላለ ጨርቅ ወዳድ መዘግየቱም ትርፍ አለው። የፈረንጁ በዓል ባለፈ ማግስት ቀዩም አረንጓዴውም ጣቃ ዋጋው ይወድቃል፤ እኔም የእኛን በዓል የምሰፋው በእነሱ ቅናሽ ነው።

የኩዊልት ስፌት ፎቶዎቼን (ኩዊልት ማለት ቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ፣ ከሥሩ ጥጥና ገበር ገብቶለት የሚሰፋ የአልጋ ልብስ ነው) የምትከታተሉ ወዳጆቼ «ያ ነገር የት ደረሰ?» እያላችሁ ስትጠይቁኝ ከርማችኋል። በዓመት በዓል ውሸት አይነገርም፤ እነሆ። ለታላቋ ልጄ አንደኛ ክፍል ስትገባ የጀመርኩላት የአልጋ ልብስ ዛሬም ግማሽ ላይ ነው። ልጅቷ ሃይስኩል ገብታለች፤ አልጋዋም ተቀይሯል። ለወንድሜ ሠርግ የታሰበው ሰማያዊና ነጭ ላዩ አልቆ ጥጥና ገበር ይጠብቃል፤ ወንድሜ ግን አልጠበቀም፣ የሁለት ልጆች አባት ሆኗል። ከባለቤቴ አሮጌ ጂንሶች የምሠራው ደግሞ በጨርቅ እጥረት ቆሟል። ባለቤቴ የቀሩትን ሱሪዎች አልሰጥም ብሏል።

እናቴ ከደሴ በቪዲዮ እያየችኝ «ደህናውን ጨርቅ ምን በድሎሽ ነው ቆራርጠሽ መልሰሽ የምትሰፊው?» ትለኛለች። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ኩዊልት ሰፊ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ለብርዱ ከሆነ አራት ድርብ ጋቢ ልላክልሽ ትላለች፤ ልካልኝማ ነበር፣ ልጆቹ ተሻምተው ወሰዱት።

አሁን ጠረጴዛዬን የያዘው ጅምር ግን የእኔ አይደለም።

ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ይኖሩ የነበሩት፣ እኛ ቤት እማማ የምንላቸው ጎረቤታችን በጥቅምት ዐረፉ። አንዳንዶቻችሁ በፎቶ ታውቋቸዋላችሁ፤ እጃቸው ብቻ ነው የሚታየው፣ ፊታቸውን መነሳት አይወዱም ነበር። የአሜሪካ ደቡብ፣ የአላባማ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ወደ ሰሜን መጥተው ዕድሜያቸውን የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ። የተዋወቅነው አሳንሰር ውስጥ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የነጠላዬን ጥለት አይተው፣ ሰላምታ እንኳን ሳይሰጡኝ ጫፉን ያዙና ገለበጡት። ጀርባውን በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው «ማነው የሠራው?» አሉኝ። ሽሮ ሜዳ የሚባል ሰፈር እንዳለ፣ እዚያም ሸማኔዎች እንዳሉ አሳንሰሩ እስኪቆም አስረዳኋቸው። እሳቸውም ሳይወርዱ እኔም ሳልወርድ በሩ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ነው መርፌ ያስያዙኝ። ማንኛውንም ስፌት መጀመሪያ ገልብጠው ጀርባውን ነበር የሚያዩት፤ ፊቱን ማንም ያሳምረዋል ይላሉ። ሌላው ሕጋቸው ሩብ ኢንች ነበር። የጨርቁ ጠርዝና የስፌቱ መስመር ሩብ ኢንች ይራራቅ፤ አንዲት ክር ታህል ቢሳሳት ብሎኩ፣ ማለትም ከሌሎቹ ጋር ተገጣጥሞ ኩዊልት የሚሆነው አራት ማዕዘን ቁራጭ፣ ሲያልቅ ጎኑ ይንጋደዳል፣ ብሎኮቹ ሲገጣጠሙ ደግሞ ማዕዘን ከማዕዘን አይገናኝም። እንግሊዝኛዬ ሲያጥረኝ መቀሳቸውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ ያደርጉና እንደገና ያሳዩኛል።

ስለ አገራቸው ሲያወሩ ጂስ ቤንድን ሳያነሱ አያልፉም። የአላባማ ወንዝ ሦስት ጎኑን የከበበው የጥቁር አሜሪካውያን መንደር ነው። የመንደሩ ሴቶች ካለቀ የሥራ ልብስ፣ ከዱቄት ከረጢት፣ ከተገኘው ሁሉ ለልጆቻቸው ለብርድ የሚለበስ ኩዊልት ይሰፉ ነበር። በ1960ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው) የመምረጥ መብታቸውን ለማስከበር ሲነሱ ከሚያርሱት መሬትና ከቤታቸው የተፈናቀሉ ብዙ ናቸው። በ1966 የዚያ አካባቢ ሴቶች በስፌታቸው ገቢ ለማግኘት ማኅበር አቋቋሙ። ከዚያ ዘመን አልፎ በ2002 የጂስ ቤንድ ኩዊልቶች ኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ፤ በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር አደረጋቸው። እማማ ቴምብሩን በፍሬም አስገብተው ወጥ ቤታቸው ሰቅለውት ነበር። «እኛ ለብርድ ነው የሰፋነው፤ ሥዕል መሆኑን የነገሩን በኋላ ነው» ይሉና ከት ብለው ይስቃሉ።

በ2025 ግንቦት ጆአን ቅርንጫፎቹን በሙሉ ዘጋ። በ1943 ክሊቭላንድ ውስጥ የተከፈተ የጨርቅ ሱቅ፣ ወደ 800 የሚጠጋ ቅርንጫፍ ይዞ ነው የከሰረው። ሊዘጋ ሲል ከእማማ ጋር ሄድን። መደርደሪያው ሳይቀር የዋጋ ወረቀት ተለጥፎበታል። ሰልፉ ላይ ያሉት ሴቶች ሁሉ ጣቃ ታቅፈው፣ ለቅሶ ቤት የተገናኙ ይመስል ቀስ ብለው ነው የሚያወሩት። እማማ በምርኩዛቸው ሱቁን ዙረው ዙረው አንድ ነገር ብቻ ገዙ፤ ከጣቃ የተረፈ ቀይ ጥጥ ጨርቅ። «ለመሀሉ ነው» አሉኝ።

ሎግ ካቢን የሚባለውን አሠራር የምታውቁት ታውቁታላችሁ። መሀል ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን ትቀመጥና ዙሪያዋን ጭረት ጭረት ጨርቅ እየዞረ ይሰፋል፤ በአንዱ ወገን ደማቁ፣ በሌላው ፈዛዛው። መሀሏን ቀይ ማድረግ የቆየ ልማድ ነው፤ የቤቱ ምድጃ ናት ይሏታል። እማማ በማሽን አይሰፉም። በድሮው ወግ ከሥር አቡጀዴ አንጥፈው፣ እያንዳንዱን ጭረት እሱ ላይ በእጃቸው ነበር የሚሰፉት። 30 ብሎክ አስበው 19 ሰፉ።

ልጃቸው ሳጥኑን ይዛልኝ የመጣችው ከቀብሩ በኋላ ነው። «ታች ላለችው ልጅ ስጫት ብላኛለች» አለችኝ። እኔ የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ እሳቸው ዘንድ ግን ልጅ ነበርኩ።

ብሎኮቹን ወለሉ ላይ ዘርግቼ እንደ እሳቸው ገለበጥኳቸው። የመጀመሪያዎቹ ስፌት ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ በማሽን የተሠራ ይመስላል። ወደ መሀል ስመጣ ክሩ ረዘም ረዘም ይላል። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ላይ መስመሩ ተጣሞ ከሩብ ኢንቹ ወጥቷል፤ ሁለት ቦታ መርፌዋ ጨርቁን ስታዋለች፣ አንድ ቦታ ያው ስፌት ሁለት ጊዜ ተደርቧል። በበጋው ሆስፒታል እየተመላለሱ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ሲሉኝ የነበረውን እጃቸው እዚያ ላይ እንዳለ ጽፎታል። 19ኛው ብሎክ ላይ መርፌዋ ከነክሯ እንደተሰካች ናት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት የምንገናኘው ሰፊዎች የሟች ጅምር መጨረስ ልማዳችን ነው፤ ብዙ ጨርሰናል። ስለ እማማ ሦስት ብሎኮች ግን አልተስማማንም። ከእኛ መካከል እጇ የታወቀ አንዲት ሴት ስፌቱ እጥበት አይችልም፣ ፈትተሽ እንደገና ስፊው አለችኝ። በሙያው ካየነው እውነቷን ነው። እኔ ግን አልፈታም። ሦስቱ ድርብ፣ ላዩና ጥጡና ገበሩ አንድ ላይ ሲሰፋ ብዙውን ይይዝልኛል። የላላበት ቦታ የእሳቸውን ነጭ ክር ሳልነካ አጠገቡ በቀይ ክር የራሴን መስመር እያስኬድኩ ነው። ከፊት አይታይም። ገልብጦ የሚያይ ሰው ግን የማን እጅ የት ላይ እንደቆመ፣ የማንኛው የት እንደጀመረ ይለያል። ለዓይን አያምርም ያላችሁኝ አላችሁ። አያምር።

እናቴ የሞታቸውን ዜና ስነግራት መጀመሪያ «ለቅሶ ደረስሽ?» አለች፤ ቀጥላ «ባዶ እጅሽን?» ድፎ ዳቦ ይዤ ሄጃለሁ። የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያናቸው ምድር ቤት ውስጥ፣ ከተጠበሰው ዶሮ አጠገብ ድፎዬ ተቆርሶ ተሰለፈ። ጎመናቸውን በዓይኔ ብቻ ነው የቀመስኩት፤ ውስጡ የምን ሥጋ እንደሚገባ አውቃለሁና። እናቴ በዚህም አላበቃችም። «አርባቸው መቼ ነው?» ብላ ቀኑን ራሷ ቆጠረች። በጾሙ ዋለ፤ ሽሮና ምስር ሠርቼ፣ ቡና አፍልቼ ልጃቸውን ጠራኋት። አርባ ምን እንደሆነ አታውቅም። ሦስተኛው ስኒ ድረስ ተቀምጣ ስለ እናቷ ስታወራልን አመሸች፤ የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ ገንዘብ ያልያዘ ልጅ ሲመጣ ከራሳቸው ኪስ ይከፍሉ እንደነበር እዚያ ነው የሰማሁት። እማማ ይህን አንድም ቀን አልነገሩኝም።

እንግዲህ ምኞትና ምስጋናዬ።

ባለቤቴ ሆይ፣ የምግብ ጠረጴዛው በጨርቅ ተይዞ ሶፋ ላይ እራት እየበላህ ዓመቱን ስለጨረስክ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሱሪዎችህን ግን አልረሳኋቸውም። ሪያድ ያለሽው እህቴ፣ የመጋረጃ ቁርጥራጭ አጣጥፈሽ በሰው የላክሽልኝ፣ ሐር የመሰለው ወርቃማው የልጄ ኩዊልት ውስጥ ገብቷል፤ ኮንትራትሽን በሰላም ጨርሰሽ እናትሽ ቤት ገና ለማክበር ያብቃሽ። ሽሮ ሜዳ ያለኸው ወንድሜ፣ ከጥለት የተረፈውን ለእኔ እያልክ ስለምታጠራቅም እጅህ ይባረክ። የሌሊት ተረኛ ባልደረባዬ፣ እማማ ሆስፒታል በተኙ ሰሞን ተራዬን ስትሸፍኝልኝ አንድም ቀን ምክንያት አልጠየቅሽኝም፤ ውለታሽ አለብኝ። አገር ቤት በዓሉን በሥጋትም በሐዘንም ለምትውሉ፣ የዘጋ ስልክ ይከፈትላችሁ፣ የራቀ ሰው ይግባላችሁ።

ፎቶ በለጠፍኩ ቁጥር በውስጥ መስመር «ለስንት ትሸጪዋለሽ? ሃምሳ ዶላር ይበቃል?» ለምትሉኝም በዓል ነውና በፍቅር ልመልስ። ሃሪየት ፓወርስ የምትባል በባርነት የተወለደች፣ የአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ሴት ነበረች። የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ ከአዳምና ሔዋን ጀምራ፣ የጌታን ጥምቀትና ስቅለቱን ይዛ፣ እስከ ቅድስት ቤተሰብ ድረስ በጨርቅ ቆርጣ ሰፋች፤ ሥዕሉን ስታዩት የአገራችን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ትዝ ይላችኋል። በ1886 አተንስ ከተማ በጥጥ ትርኢት ላይ አቀረበችው፤ አንዲት የሥዕል መምህርት ልግዛው ብትላት እምቢ አለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ችግር ሲጠናባት በ10 ዶላር ልሽጥልሽ ብላ ሄደች፤ ያገኘችው 5 ነው። ከሸጠችውም በኋላ እየተመላለሰች ታየው ነበር። ዛሬ ዋሽንግተን፣ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ውስጥ ነው ያለው፣ ከቤቴ በሜትሮ የሚደረስበት ቦታ። እና ሃምሳ ዶላር አይበቃም።

የእማማ ኩዊልት ሲያልቅ ለልጃቸው ነው። ልጃቸው እንደማትጠብቀው አውቃለሁ፤ ይህን ጽሑፍ ማንበብ ስለማትችል እናንተም አትንገሩብኝ። የሚቀሩኝ 11 ብሎኮች ናቸው፣ ቀዩ ጨርቅ ይበቃል፣ ፈዛዛው ግን ያጥራል። ነጣ ያለ፣ የታጠበ፣ የማትፈልጉት የጥጥ ሸሚዝ ያላችሁ እዚሁ አካባቢ ብትኖሩ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ። ዶሮው ካለቀ ሽሮ አይጠፋም። ፖሊስተር ይዛችሁ እንዳትመጡ።

መልካም የልደት በዓል ይሁንላችሁ!