ዊንተር ነዋ!

ትምህርት ቤት «ዊንተር» ማለት ክረምት፣ «ሰመር» ማለት በጋ ነው ተብለን ነው ያደግነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ጻፉት፣ እኛ ደብተራችን ላይ ገለበጥነው፣ አለቀ። ይቺ አንዲት መስመር ስንት ዓመት ቆይታ ባሕር ዳር ላይ ታዋርደኛለች ብዬ አላሰብኩም።

የምሠራው አንዲት ትንሽ አስጎብኚ ቢሮ ውስጥ ነው። ለውጭ እንግዶች መልስ የምጽፈውም ፕሮግራም የማወጣውም እኔ ነኝ። አንድ ሰውዬ ኢሜይል ላከ። በዊንተር፣ በቀዝቃዛ የተራራ ወንዝ ላይ፣ ትራውት የሚባለውን አሳ በዝንብ ማጥመድ እንደሚወድ ጻፈ። ለአለቃዬ አነበብኩላቸው።

«ዝንብማ ሞልቶናል» አሉ ጋሼ።

ትራውት ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀው ባሌ፣ እነ ወይብ ወንዝ ውስጥ ነው ብዬ መለስኩለት። እሱ ግን ልቡ ጎጃም ላይ ነበር፤ ሌላም አሳ ቢሆን ግድ የለኝም አለ። እንግዲያው ግልገል ዓባይ ላይ ነጭ አሳ አለልህ አልኩት። ዊንተራችሁ መቼ ነው? ከሰኔ እስከ መስከረም። ይበርዳል? በጣም፣ ጮቄ ተራራ ላይማ በረዶም ይጥላል። ከዚህ ውስጥ አንዱም ውሸት አልነበረም። ስለ ዝናብ እሱ አልጠየቀም፣ እኔም አልነገርኩትም። ክረምት ይዘንባል ብሎ ለሰው የሚነግር ማን አለ?

ነሐሴ ላይ ከች አለ። ወደ መራዊ እየሄድን፣ ዝናቡ የመኪናውን ጣሪያ እየደበደበ፣ ስለ አገሩ ወንዝ ያጫውተኛል። ውሃው ሲቀዘቅዝ የትራውት ገላም አብሮ ይቀዘቅዛል፣ መንቀሳቀስ ይሰንፋል። ጥልቅና ዝግ ያለ ውሃ ውስጥ ይተኛል እንጂ ምግብ ፍለጋ ብዙ አይሮጥም። ስለዚህ ዝንቧን (ዝንብ መስላ የተሠራች መንጠቆ ናት ለካ) ወደ ወንዙ ወለል አስጠግቶ አፉ ድረስ መውሰድ ያስፈልጋል። ማለዳ መነሳት ትርፉ ብርድ ነው፤ ደህናው ሰዓት ከረፋዱ 5 እስከ 9 ነው። ክሩ የሚያልፍባቸው የዘንጉ ቀለበቶች በረዶ ሲይዛቸው በጣት መሰባበር አለ። ይሄን ሁሉ ሲነግረኝ አንዴም «ታዲያ ይሄ ዝናብ ምንድን ነው?» አላለም። ጨዋ ሰው ነው።

ወተት ዓባይ ደረስን። ወንዙን ሲያየው ቆመ።

«ማኪያቶ ነው እንዴ?»

የሰከላ አፈር ተጠራርጎ የወረደበት ውሃ፣ እውነትም ማኪያቶ ነበር። እሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም። እስከ ደረቱ የሚደርሰውን የጎማ ሱሪ ለበሰና ትንሿን ሳጥን ከፈተ። ውስጧ ዝንቦቹ በረድፍ ተሰክተዋል። አንዷን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ከስንዴ ፍሬ የማትበልጥ መንጠቆ ናት፤ ጥቁር ክር ተጠምጥሞባታል፣ አናቷ ላይ የብር ቀለም ያላት ዶቃ አለች። ራሱ ነው የሠራት።

ገሳ የለበሱ አንድ አባት ከብቶቻቸውን ትተው መጡ። ዝንቧን ከመዳፌ አንስተው ዓይናቸው ሥር አስጠጓት።

«ይቺን በዚህ ውሃ አሳው በምን ዓይኑ ያያታል?»

«እሱንስ እኔም እንጃ፣ አባቴ።»

«ደግሞ አሁን ከጣና ሽቅብ የሚወጣው እንቁላሉን ሊጥል ነው። ሰውዬህ እርጉዝ ያሳድዳል?»

ተረጎምኩለት። አንድም ቃል ሳይመልስ ክሩን መጠቅለል ጀመረ። በእሱም አገር እንዲሁ ነው ለካ። አንዳንዷ ትራውት ብርዱ ከመግባቱ በፊት ጠጠር ቆፍራ እንቁላሏን ትቀብራለች፤ ክረምቱን ሙሉ፣ ይቅርታ፣ ብርዱን ወራት ሙሉ እንቁላሉ እዚያው ይቆያል። አዋቂ አጥማጅ ያንን ጠጠር አይረግጥም። እኛ በዚሁ ወቅት ወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግተን እንደምንጠብቃቸው ልነግረው አፈርኩ። ብርብራ ወቅጦ ውሃው ውስጥ የሚጨምርም እንዳለ ዋጥ አደረግኩት።

መኪና ውስጥ ጎማ ሱሪውን እየጨመቀ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አለኝ።

«ዊንተር ነዋ!»

«ዊንተር እኮ ወንዙ የሚጎድልበት፣ ውሃው የሚጠራበት ነው።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ሰውዬው የፈለገው ታኅሣሥና ጥርን ነው፤ ጮቄ ላይ ውርጩ የሚነጣበትን፣ የወንዙ ጠጠር አንድ በአንድ የሚቆጠርበትን ጊዜ። በኔ ደብተር ያ «ሰመር» ነው።

በማግስቱ ጢስ ዓባይ ወሰድኩት፤ ፏፏቴው ሞልቶ ያስገመግማል። ፎቶ አነሳ፣ አመሰገነ። ዓሣ አጥማጅን በፏፏቴ መደለል ግን ያስታውቃል። ያልተጠመደባቸውን ቀናት ሂሳብ መለስንለት። ጋሼ አልተቆጡም፤ ለሁለት ሳምንት ያህል «ዊንተር፣ እስቲ ና» እያሉ ጠሩኝ እንጂ።

አሁን ፕሮግራም ሳወጣ የወቅት ስም አልጽፍም። ወሩን በእነሱ አቆጣጠር፣ ዝናብ መኖር አለመኖሩን፣ የውሃውን ቀለም ሳይቀር እጽፋለሁ። ዝንቧ የቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ ናት።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንዲት ሴትዮ «ጎጃም ስፕሪንግ ማየት እፈልጋለሁ» ብላ ጻፈች። ጸደይን ይሁን ሰከላ ያለውን የግሽ ዓባይን ምንጭ አላወቅኩም። ስልክ ደወልኩላት።