ስለ ተጋላጭ ወጣቶች መረጃ ስንለዋወጥ፦ ከቋቱ በፊት ጥያቄው

ከቤተሰቡ ተለይቶ በመንግሥት ክብካቤ ሥር የሚኖር ታዳጊ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ትምህርት ቤት ሊቀይር ይችላል። ከክፍል መቅረቱን ትምህርት ቤቱ ያውቃል። የት እንደሚያድር የሚያውቀው ማኅበራዊ አገልግሎት ነው፤ የሚወስደውን መድኃኒት ጤና ተቋሙ፣ የቀጠሮውን ቀን ደግሞ ፍርድ ቤቱ። ልጁን የሚከታተለው ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ ከአራቱ አንዱን ብቻ ነው የሚያየው።

መፍትሔ ሲፈለግ ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ «ሁሉንም አንድ የመረጃ ቋት ውስጥ እናስገባ» የሚል ነው። እንግሊዝ ሞክራዋለች። የ8 ዓመቷ ቪክቶሪያ ክሊምቢዬ በ2000 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ስትገደል ፖሊስም፣ ሆስፒታልም፣ ማኅበራዊ አገልግሎትም ያውቋት ነበር። የሎርድ ላሚንግ አጣሪ ሪፖርት በ2003 ወጣ። ከዚያ በኋላ የመጣውና የ11 ሚሊዮን ገደማ ልጆችን መሠረታዊ መረጃ የያዘው የመረጃ ቋት፣ ኮንታክትፖይንት፣ በ2009 ሥራ ጀምሮ በ2010 ተዘጋ። በ2016 ደግሞ የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለእያንዳንዱ ልጅ ደኅንነቱን የሚከታተል ሰው እንዲመደብ ያዘዘውን የስኮትላንድ ሕግ የመረጃ መጋራት ድንጋጌዎች ሥራ ላይ እንዳይውሉ አደረገ። ዓላማውን አልነቀፈም፤ ምን መረጃ፣ መቼ፣ ለማን እንደሚሰጥ ግልጽ አለመሆኑንና ጥበቃው ማነሱን ነው ያየው።

ስለዚህ መነሻው አንድ ጠባብ ጥያቄ ይሁን፤ ለምሳሌ «በእኛ ክትትል ሥር ካሉት ልጆች በዚህ ሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ከትምህርት የቀረው ማን ነው?» ይህን ለመመለስ ስም፣ የልደት ቀን፣ ትምህርት ቤት፣ ክፍል፣ የቀረባቸው ቀናትና የተመደበው ባለሙያ ይበቃሉ። የሥነ ልቦና ማስታወሻና የወላጅ የወንጀል መዝገብ ምን ሊሠሩ ይገባሉ? አሜሪካ በ2013 ያወጣችው ሕግ በዚህ ረገድ ጥሩ አብነት ነው። የ1974ቱን የትምህርት መዝገብ ሕግ አሻሽሎ፣ በሕፃናት ጥበቃ ተቋም ኃላፊነት ሥር ያለ ልጅ የትምህርት መዝገብ ያለ ወላጅ ፈቃድ ለዚያ ተቋም እንዲሰጥ ፈቀደ። በሩ የተከፈተው ለተወሰነ ተቀባይና ለተወሰነ ምክንያት ነው።

ብዙ ሥራ የሚሰናከለው ግን ተቋማቱ መረጃ ለመለዋወጥ ከተስማሙ በኋላ፣ መዝገብ ከመዝገብ ሲዛመድ ነው። «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሐይሉ» ለኮምፒውተር ሦስት ሰዎች ናቸው። ሞክሼ ፊደላትን (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ፤ ጸ፣ ፀ) ከነርባታቸው ወደ አንድ መልክ የሚያመጣ ዓምድ ይጨመር፤ የመጀመሪያው አጻጻፍ ግን ሳይነካ ይቆይ። የልደት ቀን ሳይታወቅ ሲቀር የወሩና የዓመቱ መጀመሪያ ስለሚሞላ፣ በአንድ ቀን የተወለዱ ልጆች ከልክ በላይ ከበዙ ያ ቀን እንደ ማስረጃ አይቆጠር። መንትዮች ደግሞ በአባት ስም፣ በአድራሻና በልደት ቀን ስለሚገጥሙ፣ የራሳቸው ስም ከፍ ያለ ክብደት ካልተሰጠው አንድ ሰው ሆነው ይቀራሉ።

የስታቲስቲክስ ባለሙያዎቹ ፌሌጊና ሰንተር በ1969 ያቀረቡት መዝገብ የማዛመጃ ዘዴ ዛሬም ይሠራል። እያንዳንዱ ዓምድ ሲገጥምም ሳይገጥምም ነጥብ ይሰጠዋል፤ ድምሩ ከፍ ካለ አንድ ሰው፣ ዝቅ ካለ ሌላ ሰው፣ መሐል ላይ ካረፈ ሰው በዓይኑ ያየዋል። የመሐሉን ክፍል የሚያይ ሠራተኛ ካልተመደበ ሥራው ባይጀመር እመርጣለሁ፤ የአንዱ ልጅ ክስ በሌላው መዝገብ ላይ ከተለጠፈ ጉዳቱ የልጁ ነው።

«ስሙንና የልደት ቀኑን በሃሽ (ጽሑፍን ወደማይነበብ ኮድ በሚቀይር ስሌት) ቀይረነዋልና ችግር የለም» የሚል መልስም እንሰማለን። አንድ ፊደል ሲለወጥ ሃሹ ሙሉ በሙሉ ስለሚለወጥ የአጻጻፍ ልዩነትን ጨርሶ አይታገሥም። ምስጢራዊ ቁልፍ ካልታከለበት ደግሞ ይሰበራል፤ በ20 ዓመት ውስጥ ያሉት የልደት ቀናት 7,305 ገደማ ብቻ ናቸው፤ ሁሉንም ሞክሮ ማግኘት የሰኮንድ ሥራ ነው።

ለዕቅድ የሚወጣ ሰንጠረዥ ከዚህ ተለይቶ ይያዝ፤ እሱ ስም አያስፈልገውም። ጥቂት ልጆች በቀላሉ ስለሚለዩ ከ10 በታች የሆኑ ቁጥሮች ይሸፈኑ። ድምሩ ከታየ ግን አንድ የተሸፈነ ቁጥር በመቀነስ ስለሚገኝ፣ ከጎኑ ሌላ ቁጥርም መሸፈን አለበት።

የተላከ መረጃ የሚቀበለው ሰው ከሌለ ሳጥን ውስጥ ይተኛል። ተቋማቱ የሚፈራረሙት የመግባቢያ ሰነድ ላይ «ማስጠንቀቂያው በደረሰ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ የተመደበው ባለሙያ ልጁን ያገኛል» የሚል ዓይነት ዓረፍተ ነገር ይግባ፤ ባለሙያው ፈቃድ ላይ ሲሆን ማን እንደሚተካውም ይጻፍ። ለድጋፍ የተሰጠ መረጃ ለክስ እንዳይውል መከልከሉም እዚያው ይስፈር። ወጣቱ ይህን ካላመነ ለማኅበራዊ ሠራተኛው እውነቱን መናገር ያቆማል።

እርማትም ይረሳል። ፍርድ ቤት ክሱን ሲዘጋ የራሱን መዝገብ ያስተካክላል፤ ከሦስት ወር በፊት ለትምህርት ቤቱ የሄደው ቅጂ ግን «ክስ አለበት» እንዳለ ይቀመጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ መላኪያ ከአዲሱ መረጃ ጋር የተሻሩትን መዝገቦች ዝርዝር ይያዝ፤ ተቀባዩም መሰረዙን በቀንና በመዝገብ ቁጥር መልሶ ያረጋግጥ።