አምቦ ውሃ ይዞ ጥግ የተቀመጠው

ደሴ ላይ ካሴት ቤት ነበረኝ። አሁን እዚያው ቤት ውስጥ የሞባይል ከቨርና ቻርጀር እሸጣለሁ። ይህን ቀድሜ የምናገረው «በዚህ ዕድሜህ ሙዚቃ ፍለጋ አዲስ አበባ?» ላሉኝ ሁሉ ነው። ሃያ ዓመት ካሴት የሸጠ ሰው ሱቁ ቢቀየርም ጆሮው ያው ነው።

ሰበቤ ዕቃ ማምጣት ነበር። ለመርካቶ ግማሽ ቀን በቂዬ ነው። ቀሪውን ሦስት ምሽት ለራሴ አስቀረሁት። የእህቴ ልጅ በቴሌግራም ፖስተር ልካልኝ ነበር፤ እሁድ ማታ፣ ፒያሳ፣ የራሳቸውን ሥራ የሚጫወቱ ልጆች።

«ኢንዲ ናቸው ጋሼ» አለችኝ።

«ኢንዲ ምንድን ነው?»

«ማንም ያልከፈለላቸው ማለት ነው።»

መንገዱን አልተርክም። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ጣርማ በር ዋሻው ጋ ነቃሁ፣ ዋሻው ሲያልቅ ተመልሼ ተኛሁ።

ፔንሲዮኑ ግን ይተረካል። ፒያሳ ነው፣ ለአንድ ሌሊት 1,200 ብር። «ሙቅ ውሃ አለ?» ስል «አለ» አሉኝ። ቀይ ምልክት ያለበት ቧንቧ አለ ለማለት ኖሯል። ከግድግዳው ማዶ መጠጥ ቤት አለ። ዘፈኑ ቢሰማ ባልከፋኝ። የሚመጣው ቤዙ ብቻ ነው። ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ማን እንደሚዘፍን ሳላውቅ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኝቼ ገመትኩ። ደሴ ቢሆን ወጥቼ ባለቤቱን በስሙ ጠርቼ «አንተ፣ ተው እንጂ!» እለዋለሁ። እዚህ ማንን ልጥራ?

የመጀመሪያው ምሽት ዓርብ ነው። ስታዲየም አካባቢ አንድ ላውንጅ «ላይቭ ባንድ፣ መግቢያ በነጻ» ይላል። ሦስት ሰዓት ላይ ይጀምራል ተባለ። አራት ተኩል ሆኖ ኪቦርዲስቱ ገና ጥብሱን እየበላ ነበር። ሲጀምሩ መጥፎ አልነበሩም። የጥላሁንን ተጫወቱ፣ የመሐሙድን፣ የአስቴርን። ድምፃዊው ጎበዝ ነው፤ የሁሉንም ድምፅ ያወጣል፣ ከራሱ በቀር። ከፊት ያሉት ጠረጴዛዎች ጀርባቸውን ሰጥተው ስለ መሬት ሊዝ ይነጋገራሉ። አንዱ ስልክ አንሥቶ «አይሰማኝም፣ ጩኽ!» ይላል። ባንዱም ጮኸ፣ ሰውዬውም ጮኸ።

እኔ አልኮል አልጠጣም። ሁለት አምቦ ውሃ ጠጣሁ። ቢሉ ሲመጣ አንዱ 220 ብር። በላዩ ሰርቪስ ቻርጅ፣ በላዩ ቫት።

«ወንድሜ፣ ይሄ አምቦ ውሃ ነው ወይስ አምቦ ከተማ?»

አስተናጋጁ አልሳቀም። «ላይቭ ስላለ ነው ጋሼ» አለኝ። ነጻ የተባለው መግቢያ ለካ ጠርሙሱ ውስጥ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት መርካቶን ጨረስኩ። ከሰዓት በኋላ በእግሬ ዞርኩ። እግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ ተነጥፏል፣ አምፖሉ በሽ ነው። አይቼ ተገረምኩ፤ ደግሞ የማውቃቸውን ቤቶች ስፈልግ ጠፉብኝ። ከብሔራዊ ቴአትር ፊት ካለው የድንጋይ አንበሳ ሥር ትንሽ ተቀመጥኩ። ራስ ሆቴል እዚያው አጠገቡ ነው። አይቤክስ ባንድ የተጫወተው ራስ ሆቴል ነበር፤ ኋላ ሮሃ ባንድ የሆኑት እነሱ ናቸው። ሂልተን ደግሞ የዋልያስ ባንድ ነበር። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበረ ማታ የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም። በሩ ይዘጋል፣ ባንዱም እስከ ንጋት ይጫወታል። በዚያ መከራ መሃል ስለ ሙዚቃ ማውራት ነውር ይመስል ይሆናል። ግን ሱቄ ይመጣ የነበረ አንድ ትልቅ ሰው «የዚያን ጊዜ ተጫዋች ለምን ጣቱ እንደፈታ ታውቃለህ? በየሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይሠራ ስለነበር ነው» ይለኝ ነበር።

ወደ ፒያሳ ወጣሁ። በሀገር ፍቅር ቴአትር በኩል ሳልፍ ሁልጊዜ አምሃ እሸቴ ትዝ ይለኛል። በንጉሡ ጊዜ ሸክላ ማሳተም ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ መብት ነበር። አምሃ ያኔ ገና ወጣት ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዋጁን እያወቀ በራሱ ገንዘብ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ። ሸክላው የሚታተመው ውጭ አገር ነበር። የእህቴ ልጅ ኢንዲ ስትለኝ በሆዴ «የኛማ ድሮ ጀምሯል» ያልኩት ለዚህ ነው።

ጣይቱ ሆቴል ቡና ጠጣሁ። ወለሉ አሁንም ይንቋቋል፤ ደስ ይላል። እዚህ ጃዛምባ የሚባል የሙዚቃ ቤት ነበር። 2005 ላይ ዕቃ ላመጣ መጥቼ አንድ ምሽት ገብቼበታለሁ። ሰው ዝም ብሎ ሲሰማ ያየሁት ያን ቀን ነው። ጥር 2007 ላይ ሆቴሉ ሲቃጠል እሱም አብሮ ሄደ። ዜናውን የሰማሁት ሱቅ ሆኜ ነው፤ የዛን ቀን ካሴት አላጫወትኩም። ማንም ልብ አላለም፣ እኔ ግን አላጫወትኩም።

ቅዳሜ ማታ አዝማሪ ቤት። ድሮ ቢሆን ካዛንቺስ እሄድ ነበር። ቤቶቹ ተደርድረው ነበር፣ ከአንዱ ወጥተህ ወደ ሌላው ነው። ፈንድቃ የሚባለው አዝማሪ ቤት እዚያ ነበር። ጨፋሪው መላኩ በላይ በልጅነቱ እዚያው ለሽልማት እየጨፈረ፣ ሌሊት ባንኮኒ ሥር እየተኛ አድጎ፣ በመጨረሻ የቤቱ ባለቤት የሆነበት ማለት ነው። አብዛኛው ካዛንቺስ 2017 ላይ ፈረሰ። ስለዚህ ታክሲ ነጂው ወደ ሃያ ሁለት በኩል አንድ ቤት ወሰደኝ።

ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። አምቦዬን አዘዝኩ። 100 ብር፤ እዚህ ቢያንስ ሰው ናቸው። ማሲንቆ የያዘው ልጅ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ይቀኛል። አንዱን ስለ ቦርጩ፣ አንዷን ስለ ጥርሷ። እኔ ጋ ደርሶ ጠርሙሴን አየ። ከዚያ ፊቴን አየ።

«አምቦ ውሃ ይዞ ጥግ የተቀመጠው፣
ማነው ኪሱን ሰፍቶ እዚህ ያስቀመጠው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፣ ጆሮዬ ግን ጋለ። መቶ ብር ግንባሩ ላይ ለጠፍኩለት። ጎንበስ ብሎ «ከየት ነህ ጋሼ?» አለኝ። ደሴ ስለው ማሲንቆውን ወደ አምባሰል ቀየረውና ሌላ ስድብ ጀመረ። ወሎዬ ነኝና «ተቀበል!» ብዬ መመለስ ነበረብኝ። ቃል ጠፋኝ። መልሱ የመጣልኝ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አልጋዬ ላይ፣ ከማዶ ዱም ዱም ሲል ነው። ግሩም መልስ ነበር። አልጽፈውም፣ ጊዜው አልፎበታል።

እሁድ ማታ ሲደርስ ደክሞኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ልቀር አስቤ ነበር። 400 ብር በቴሌብር ቀድሜ ባልከፍል ኖሮ እቀር ነበር።

ቦታው ፒያሳ አንድ የባህል ማዕከል ጀርባ ያለ አዳራሽ ነው። ስልሳ የፕላስቲክ ወንበር። በሩ ላይ ያለችው ልጅ እጄ ላይ ማኅተም መታች፤ ልብስ ላይ እንዳይነካኝ እጄን እንደ ሕመምተኛ ይዤ ገባሁ። ከኔ በቀር አርባ ዓመት የሞላው ሰው አላየሁም። የባንዱን ስም የማልጠቅሰው ልጆቹ ራሳቸው ስላልተስማሙበት ነው። ፖስተሩ ላይ አንድ ስም አለ፣ ከበሮው ላይ ሌላ።

አራት ናቸው። ድራም፣ ቤዝ፣ ጊታር፣ ማሲንቆ። ማሲንቆው ሽቦ ተሰክቶበት ድምፅ በሚቀይር ፔዳል ያልፋል። ይህን ሳይ ክንዴን አጣጠፍኩ። አምባሰል ለኛ መጀመሪያ አገር ነው፣ ቀጥሎ ቅኝት ነው። ቅኝቱን የሚያበላሽብኝን ልጅ ደግሞ አልወድም።

ጀመሩ። ገና በመጀመሪያው ዘፈን ድምፅ ማጉያው «እምምምም» ማለት ጀመረ። ጥቂት ደቂቃ ይልና ያቆማል። እንደገና ይመጣል። ሳውንድ ማኑ ሚክሰሩ ላይ ያለውን ቁልፍ ሁሉ ነካካ። ሰው ታገሠ፣ እኔ አልቻልኩም። ካሴት ቤት ባለቤት ቴፕ ጠጋኝም ነው። እምምታው ሲመጣ ከኋላዬ ሌላ ነገር አብሮ ሲነሣ ይሰማኛል። ዞር ስል የለስላሳ ፍሪጅ። ሞተሩ ሲነሣ ድምፅ ማጉያውም ያጉረመርማል። ሽቦውን በዓይኔ ተከተልኩት። ፍሪጁም አምፕሊፋየሩም አንድ ዲቫይደር ላይ ናቸው።

ተነሥቼ ለሳውንድ ማኑ በጆሮው ነገርኩት። መጀመሪያ እንደ እብድ አየኝ። ከዚያ ሄዶ ፍሪጁን ነቀለው። እምምታው ተቆረጠ። ጊታሪስቱ ቀና ብሎ ወደ ጣሪያው አየ፣ ዝናብ ያባራ ይመስል።

ከዚያ በኋላ ነው የሰማኋቸው። አንድ ዘፈን አላቸው፣ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ስለሚመጣበት ሰፈር። ልጁ የሚወዳት ልጅ ፀጉሯን የምትታጠበው ውሃ በመጣ ቀን ነው። ስለዚህ ሮቶው ሲሞላ ድምፁን እየሰማ ልቡ ይመታል። ድራመሩ ያን የውሃ ድምፅ በሲምባሉ ጫፍ በቀስታ ያመጣዋል። ማሲንቆው ገባ፣ በአምባሰል። ፔዳሉ ድምፁን አርዝሞ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። በገደል አፋፍ ቆሞ የተጣራ እረኛ ድምፁ ማዶ ሄዶ እንደሚመለስለት። ልጁ ገደሉን አይቶት ይሆን? መቼ እንደሆነ አላውቅም፣ ክንዴ ተፈቷል።

ስልሳ ሰው ዝም አለ። ስልክ የሚያነጋግር የለም። ጃዛምባ ካየሁት ወዲህ እንዲህ ያለ ዝምታ አልገጠመኝም ነበር። ደሴ ሠርግ ላይ እንኳ አዝማሪውን የሚሰሙት አሮጊቶች ብቻ ናቸው።

ሲያልቅ ከመድረኩ ጀርባ ጠሩኝ። «ፍሪጁን የያዙት ጋሼ እርስዎ ነዎት?» ተባልኩ። ቤዚስቱ ሒሳቡን ነገረኝ። የበር ገቢው ለአዳራሽና ለድምፅ ዕቃ ኪራይ ይሄዳል። የተረፈው አራት ቦታ ሲከፈል የታክሲ ነው። ሆቴል ቢጫወቱ በአንድ ምሽት የዚህን እጥፍ ያገኛሉ። «ግን እዚያ ከቨር፣ የሌላ ሰው ዘፈን ነው የሚያዙን» አለ። ደሴ ከመጣችሁ ለስልካችሁ በነጻ ከቨር እሰጣለሁ አልኳቸው።

«እኛ ከቨር አንሠራም ጋሼ» አለ ድራመሩ። ከአስተናጋጁ የተሻለ ሳቅ ሳቅን።

ሰዓቱ ወደ ስድስት እየሄደ ነበር። የደወልኩለት ሾፌር ለዚያች አጭር መንገድ 600 ብር አለኝ። ድራመሩ ስልኩን ከእጄ ወስዶ ዘጋውና «አብረን እንሄዳለን» አለ። መኪናዋ ቪትዝ ናት። የኋላ ወንበሯ በከበሮ ሞልቷል። እኔ ከፊት ተቀመጥኩ፣ የሲምባሉ ቦርሳ ጉልበቴ ላይ። አስፋልቱ በተቆፈረበት ሁሉ ቦርሳው ውስጥ «ሽሽሽ» ይላል። ልጁ ሳይሰለች ስለ ካሴት ጠየቀኝ። እርሳስ አስገብተን ሪሉን እናጠነጥን እንደነበር ስነግረው መኪናውን ዳር ይዞ አቆመና እንዴት እንደሆነ በጣቴ እንዳሳየው ለመነኝ።

ፔንሲዮኑ በር ላይ ወረድኩ፣ አመሰገንኩ፣ ሄደ። ዘበኛው ከሃያ ደቂቃ ማንኳኳት በኋላ ከፈተልኝና ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ምን ይዘው መጡ ጋሼ? ጎማ ነው?»

ሲምባሉ። አቅፌው ወርጃለሁ።

አውቶቡሴ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሣል። የልጁ ስልክ የለኝም። ለመግቢያው የከፈልኩበት የቴሌብር ቁጥር ላይ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። አልጋው ላይ ከሲምባሉ ጋር ተቀመጥኩ። ከማዶ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ሰልችቶኝ በጥፍሬ ጠርዙን ነካ አደረግኩት፤ ለካ ልክ ይገባል።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ልጁ ዓይኑ ቀልቶ መጣ። ትኬቴን ለማስለወጥ 300 ብር ከፈልኩ። ሲምባሉን ከሰጠሁት በኋላ «አሁን ወዴት ነህ?» ስለው «ልምምድ» አለኝ። ማክሰኞ ነው ደሴ የገባሁት።